ቁጥር የሌለው የእጅ ሰዓት

ስልክ ጠጋኙ የእኚህ ሽማግሌ ነገር ውሉ ከጠፋበት ሰንብቷል። በየሳምንቱ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይመጣሉ፤ የሚጠገን ስልክ ግን የላቸውም። ከተሰባበሩት ስክሪኖች አንዱን ያነሡና በአውራ ጣታቸው ጫን እያሉ ቀለሙ ሲሸሽና ሲመለስ ያያሉ። ፕላስቲክ ሲቀልጥ አፍንጫቸውን አያስጠጉም፤ ሽታውን በመዳፋቸው ወደ ራሳቸው ይጠሩታል።

ዛሬ የዲጂታል የእጅ ሰዓታቸው ስክሪን ላይ አንድም ቁጥር እንደሌለ አየ።

«አባባ፣ ያምጡት፤ ስክሪኑን ልቀይርልዎ።»

እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ተው ልጄ! ውስጡ ያለው፣ ቁጥሩን የሚያሳየው ፈሳሽ ክሪስታል የእጄ ሥራ ነው። ሠላሳ ዓመት ላቦራቶሪ ቆሜ የቀመምኩት።»

«አይሠራም እኮ!»

«አውቃለሁ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ነው ያልገባኝ።»

ባዶውን ሰዓት አዩና፣ እንደረፈደበት ሰው እየተጣደፉ ወጡ።