ለንቦች የተገዛ ስኳር

ክረምቱ ዝናብ በነፈገበት በ2008 መስከረም፣ ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚሄደው አውቶቡስ ላይ አንዲት እናት ስኳርና በሶ ታቅፈው አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«ለድግስ ነው፣ እናቴ?» አልኳቸው።

«ለንቦቼ ነው። አደዩ ሳያብብ ደረቀ፤ የሚቀስሙት የላቸውም። የጎረቤቶቼ ንቦች ኮበለሉ፤ የእኔ ግን ሰባቱም ቀፎ እንደሞላ ነው።»

«ማር ሳይሰጡዎት ይቀልቧቸዋል?»

«አምና እነሱ አበሉኝ፤ ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው» አሉ ፈርጠም ብለው።

ሊወርዱ ሲነሱ፣ ጢስ ጢስ የሚለው ሰፊ የወንድ ኮታቸው ጉልበታቸው ድረስ ወረደ።

«የሟቹ ባለቤቴ ነው» አሉኝ ዓይኔን አይተው። «ንቦቹ የሱን ጠረን ስለሚያውቁ፣ እስኪለምዱኝ ብዬ ነው የለበስኩት።»

«እስካሁን አልለመዱዎትም?»

«እነሱማ ከለመዱኝ አራት ዓመታቸው» አሉና እጅጌውን ሰብሰብ አድርገው ወረዱ።