ሦስት ገጽ ሰላምታ

ሰማያዊው ደብተር ዛሬም ማንጎ ማንጎ ይሸተኛል። ባለቤቴ «ሻጋታ ነው፤ ጣለው» ትላለች። አሶሳ ላይ ማንጎ ሲደርስ እጃችንን ሳንታጠብ ስለነበር የምንጽፈው፣ ቢሸት አይገርመኝም።

ደብተሩ የእኔና የአንድ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ የሆነ ጓደኛዬ ነበር። የኔ ቤተሰቦች ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። ሰባተኛ ክፍል ሳለን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር ቁጭ ብለን የትም የሌለ አገር ፈጠርን። የሚበር አስማተኛ፣ ወንዝ ውስጥ የሚኖር ንጉሥ፣ የሚናገር ቀርከሃ ነበረው። እኔ እንዳሻኝ ልጽፍ ስል እሱ ሕግ ያወጣል። በሌለ አገር ላይ ሕግ፣ አስበው።

«አስማተኛው ከበረረ ሁለት ቀን ይራባል» አለ። እሺ አልኩ። የጻፍኩት ፈረስ በግማሽ ቀን ድንበር ቢደርስ «ቶንጎ እንኳ በመኪና ስንት ሰዓት ነው? ፈረስህ ውሃ አይጠጣም?» ብሎ ሰረዘው። ውሃ ቀጠነ የሚል ሰው ነበር። እሱንም ቻልኩት። ጨጓራዬን የላጠው የአስተርጓሚው ነገር ነው። የተራራው ሰዎች ከወንዙ ንጉሥ ጋር ሲገናኙ፣ መሀላቸው አንድ አስተርጓሚ ልጅ ካልቆመ አይሆንም አለ። ሰላምታው ብቻ ሦስት ገጽ ፈጀ።

«ቀርከሃ የሚያወራበት አገር እኮ ነው፤ ዝም ብለው ቢግባቡ ምናለበት?» አልኩት።

«ቀርከሃ ያውራ። ሰው ግን ዝም ብሎ አይግባባም።»

እናቱ አማርኛ አትሰማም ነበር። ጤና ጣቢያም ገበያም ሲያስተረጉምላት ስንት ቀን ከክፍል ቀርቷል። ይህን ሁሉ እያየሁ አስተርጓሚው ማን እንደሆነ አልገባኝም። ድንጋይ ነበርኩ።

ለወላጆች ቀን መምህራችን ታሪካችን እንዲነበብ መረጠ፤ አንባቢው እኔ ሆንኩ። እናቱ ደብተሩን የሥራ ፈት ነገር ትለው ስለነበር፣ ሰምታ ራሷ እንድትፈርድ ለምኗታል። «እናቴ ይመጣል» አለኝ። «ትመጣለች በል» ብዬ አረምኩት።

በዕለቱ የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ይንጣጣ ነበር። ጓደኛዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ወደ እናቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በበርታ ቋንቋ ይነግራታል። አስማተኛው ሲራብ ሰው ሁሉ ስቆ ካበቃ በኋላ እሷ ሳቀች። ሰላምታው ላይ ስደርስ ወላጆች የሚሰለቹ መሰለኝና ሦስቱንም ገጾች አንድ ላይ ገልጬ ዘለልኳቸው። ንጉሡና የተራራው ሰዎች፣ ከራሴ ጨምሬ፣ በአንድ ቋንቋ እያወሩ ተቃቀፉ። ተጨበጨበልኝ።

ጓደኛዬ ማስተርጎሙን አቆመ። እናቱ ጆሮዋን ወደ እሱ እንዳዘነበለች ትጠብቅ ነበር።

«ልጁን የት አደረስከው?» አለኝ ስንወጣ። ከዚያ በኋላ ማንጎው ሥር አልመጣም፤ በዓመቱ ቤተሰቡ ወደ ቶንጎ ሄደ።

አሁን ጾሬ፣ ስደተኞች ጣቢያ ነው የምሠራው። አስተርጓሚ ካልመጣ ከፊቴ ከተቀመጠው ሰው ጋር ተያይተን እንውላለን፤ በራሴ እበሽቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን አውጥቼ ሦስቱን ገጾች አነበብኳቸው። ሦስተኛውን ጓደኛዬ ነበር የጻፈው፤ ከመሰልቸቴ የተነሳ ያኔ አላየሁትም። ንጉሡ አስተርጓሚውን ልጅ «የእኛን ቋንቋ ማን አስተማረህ?» ይለዋል።

«እናቴ ነው ያስተማረኝ» ይላል ልጁ።

እናቱ ያን ቀን ይህን ሳትሰማ ነው ወደ ቤቷ የሄደችው።