ካፒቴን ገመቹና ባዶው የቀኝ ወንበር

ካፒቴን ገመቹ ዲንሳ አምቦ በሚገኘው ቤታቸው፣ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ እጃቸውን እንደያዙ አርፈዋል። አብዛኞቻችሁ መርዶውን ቀድማችሁ እንደሰማችሁ አውቃለሁ። እኔ የሰማሁት ባሕር ማዶ ሆኜ፣ እሳቸው የላኩኝን ጉዳይ ጨርሼ ሻንጣዬን ስዘጋ ነው። ለቀብራቸው አልደረስኩም። አምቦ ስገባ ድንኳኑ እየፈረሰ፣ ወንበሮቹም እየተጫኑ ነበር። በዚያ ድንኳን ውስጥ ቆሜ መናገር የሚገባኝን እንግዲህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ለማታውቁኝ፣ ሜቲ እባላለሁ፤ ተማሪያቸው፣ ኋላም ረዳት አብራሪያቸው ነበርኩ።

ጊንጪ ተወልደው አምቦ ነው የተማሩት። ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ለረጅም ዘመን አብርረዋል፤ ኮምፒውተር የሚመራቸው አዳዲሶቹ ሲመጡም እኛን ያሠለጠኑን እሳቸው ናቸው። የጊንጪ ሰዎች ሠርግ ላይ ሲያገኟቸው «ኦቦ ገመቹ፣ ያን የሚያህል ነገር እንዴት ነው የምትነዳው?» ይሏቸዋል። «እሷ ትነዳለች፤ እኔ እሷን እጠብቃለሁ» ብለው ይመልሳሉ። ሰዉ ቀልድ መስሎት ይስቃል። እሳቸው ግን ሲስቁ አላየሁም።

እውነታቸውን ነበር። የዛሬ አውሮፕላን ከተነሳ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በአውቶፓይለት ነው የሚበረው። አብራሪው ከፍታውን፣ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ይሞላል፤ ማሽኑ ይፈጽማል። ሥራው ቀለለ ያለ ሰው አልሞከረውም። ምንም ሳይሠሩ ነቅቶ መቀመጥን የመሰለ አድካሚ ነገር የለም። ካፒቴን ገመቹ ለዚህ የራሳቸው ልማድ ነበራቸው። በጉዞው መካከል፣ ዓይናቸውን ከፊታቸው ካለው ሰሌዳ ሳያነሱ «ጅርታ?» ይላሉ። በእኛ አገር ሰው ሲገናኝ የሚጠያየቀው ነው፤ አለህ? አለሽ? ማለት ነው። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው «ጅራ»፣ አለሁ ብሎ ይመልስና ማሽኑ በዚያች ቅጽበት ምን እየሠራ እንደሆነ በአፉ ይናገራል። አፋን ኦሮሞ የማይችሉ ረዳቶች ሁሉ ይህችን ተምረው ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማረፊያ ስንቃረብ ጠየቁኝ።

«ጅርታ?»

«ጅራ» አልኩ፣ በልማድ።

«የት ነሽ?»

ሰሌዳውን ያኔ አየሁት። መውረድ የነበረበት አውሮፕላን እዚያው ከፍታው ላይ ቀጥ ብሎ ይጓዛል። እሳቸው ያስጀመሩት መስሎኝ ነበር። «ካፒቴን፣ መውረድ አልጀመረችም» አልኳቸው።

«በይ አስጀምሪያት።»

ካረፍንም በኋላ ነገሩን አላነሱብኝም። እኔ ግን ለብዙ ቀን «የት ነሽ?» ያሉበት ድምፅ አልለቀቀኝም።

ደግነታቸውም እንደዚሁ ወሬ የማያበዛ ነበር። ተማሪ ሳለሁ የሲሙሌተር ፈተና ወደቅኩ። ሲሙሌተር አውሮፕላን መስሎ መሬት ላይ የተተከለ መለማመጃ ነው፤ እዚያ የሚወድቅ ሰው አይሞትም፣ ሞቱን ግን ይመኛል። ጓደኞቼ ምን እንደሚሉኝ ጠፍቷቸው ሲሸሹኝ፣ ካፒቴን በመኪናቸው ወደ አምቦ፣ ወደ ወላጆቼ ወሰዱኝ። ጊንጪ ላይ ቆመው ቆሎ ገዙልኝ። «ማሽኗ ካንቺ ትፈጥናለች» አሉኝ ቆሎውን እየሰጡኝ፤ «ትፍጠን። አንቺ በሐሳብ ቀድመሻት ተገኚ።» ከዚያ በዕረፍት ቀናቸው እየመጡ፣ ሁለተኛው ፈተና እስኪደርስ ከጎኔ ተቀምጠው አለማመዱኝ። ማንም አላዘዛቸውም።

ያን የ«ጅርታ?» ልማድ የጀመሩት ከካፒቴን ኃይሉ ጋር ነው። ኃይሉ አብሯቸው የሠለጠነ፣ አብሯቸው የበረረ፣ ከወንድም የማይለዩት ጓደኛቸው ነበር። ኋላ ባሕር ማዶ ተቀጠረ። እዚያ የሚያበረው አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ወደቀ፤ ኃይሉም ሞተ። የምርመራው ውጤት ሲወጣ ነገሩ በጣም ቀላል ሆኖ ተገኘ። ማሽኑ ፍጥነት መጠበቁን ትቷል፤ ሁለቱም አብራሪዎች «ያኛው እያየው ነው» ብለው ዝም ብለዋል። ሁለቱም ነቅተው ነበር፤ ሁለቱም ጎበዞች ነበሩ። ካፒቴን ገመቹ ያን ካነበቡ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ሲሉ ሰምቻለሁ፦ «እዚያ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።» ከዚያ ወዲህ «ጅርታ?» የሚሉበት ድምፅ ተለወጠ። ቀድሞ እንደ ጨዋታ ይሉት የነበረውን መልሱን እየፈሩ ይጠይቁት ጀመር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የነገውን አውሮፕላን የሚነድፉ የውጭ መሐንዲሶች ጠሯቸው። ንድፉ ውስጥ አንድ አብራሪ ብቻ አለ፤ የሁለተኛውን ሥራ ማሽኑ ይሠራል። ጥያቄያቸው አንድ አብራሪ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚል ነበር። ካፒቴን በሲሙሌተሩ ግራ ወንበር፣ በካፒቴኑ ቦታ፣ የረዳቱ የቀኝ ወንበር ባዶ ሆኖ ብቻቸውን ተቀምጠው በረሩ። በረራው እንከን አልነበረበትም፤ ማስተካከል ያለባቸውን አስተካክለው፣ በሰላም አሳረፉ። ከዚያ መሐንዲሶቹ በኮክፒቱ፣ በአብራሪው ክፍል፣ የተቀዳውን ድምፅ አሰሟቸው።

የራሳቸው ድምፅ ነው። «ጅርታ?» ይላል። ዝምታ ይሆናል። «ጅርታ፣ ኃይሉ?» ይላል። አሁንም ዝምታ። ከዚያ፣ ሰው መልስ ሲያገኝ እንደሚለው፣ «እሺ፣ እሺ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። በረራው እስኪያልቅ እንዲህ ነው። መሐንዲሶቹ በአክብሮት «ማን ነው የሚመልስልዎ?» ብለው ጠየቋቸው። እሳቸው መናገራቸውንም አላስታወሱም። አስተያየታቸውን ሳይሰጡ አምቦ ገቡ።

የቤቱን ነገር አዴ ጫልቱ ነገሩኝ። «ሜቲ ኮ፣ የእኔ ሜቲ፣ ማዕድ ላይ ቁጭ ብለን ‹ጅርታ?› ይላል። ለእኔ መስሎኝ ‹ጅራ› እለዋለሁ። በኋላ ልብ ብዬ ሳየው ዓይኑ እኔ ላይ አይደለም፤ ከጎኑ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ነው። ዝም ልበል ብዬ ነበር። ዝም ስል ደግሞ ሲጨነቅ አየሁት፤ እና መመለሱን ቀጠልኩ።»

በመጨረሻ ልጠይቃቸው ስሄድ ከአልጋ አይነሱም ነበር። ያ የመሐንዲሶቹ ጥያቄ ግን አልተዋቸውም። «ምን ልበላቸው? በረራው ጥሩ ነበር» አሉኝ። «አይበቃም ብል ማስረጃዬ ከሞተ ሰው ጋር ማውራቴ ነው፤ ማን ይሰማኛል? ሁለት ሰው ያስፈልጋል ብል ደግሞ ኃይሉም ሁለተኛ ሰው ነበረው። ይበቃል ብዬ ደግሞ መሞት አልችልም።» ከዚያ «አንቺ ሂጂ። ብቻሽን ተቀምጠሽ ብረሪ። የሚጎድለውን ታዪዋለሽ። ለእነሱ ከመንገርሽ በፊት መጥተሽ ለእኔ ንገሪኝ» አሉ።

ካፒቴን፣ ትእዛዝዎን አልፈጸምኩም፤ እዚያው ሲጠይቁኝ መለስኩላቸውና ቀድሜ ለእርስዎ መንገር አልሆነልኝም። አሁን ይስሙኝ። ግራው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ማሽኑ በለሰለሰ ድምፅ ሁሉን ነገረኝ፣ ሁሉን ሠራ፣ አረፍን። ወጥቼ ሻይ እየጠጣሁ ሳለ መሐንዲሱ «የጎደለብሽ ነገር ነበር?» አለኝ። የቀኙ ወንበር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እሱ አልዞርኩም። እርስዎ ያለማመዱኝ፣ እርስዎ ያሳደጉኝ ልጅ ሆኜ በዚያ ሁሉ ጉዞ እርስዎን አላሰብኩም። ጉዞውን መለስ ብዬ ልቆጥረው ስሞክር መነሳቴንና ማረፌን አገኛለሁ፤ መካከሉ ላይ የት እንደነበርኩ አላውቅም። የጠየቀኝም የለም። እርስዎ በዚያ ኮክፒት ውስጥ የሞተ ሰው አጠገብዎ ነበር፤ እኔ ግን በሕይወት ያለሁት ራሴ እንኳ እዚያ አልነበርኩም። ደነገጥኩ፣ ካፒቴን፤ ዛሬም ድንጋጤው አልወጣልኝም።

«አንድ አብራሪ አይበቃም» አልኳቸው መሐንዲሶቹን። «ምንም ካልጎደለብሽ ለምን?» አሉኝ። «ምንም ስላልጎደለብኝ» አልኳቸው። በጥንቃቄ ጻፉት፤ አመሰገኑኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ትሕትና ነው እንጂ መስማማት አይደለም። ያን የቀኝ ወንበር ያነሱት ይሆናል፤ ላስቀረው አልችልም። እርስዎ ግን ይበቃዎታል። ከእንግዲህ የማንንም መልስ አይጠብቁ። ይረፉ፣ ካፒቴን፤ ፍርሃቱን ለእኛ ይተዉልን።