የእማዬ ቁልፍ

«እማማ፣ ይሄ ቁልፍ ስንት ነው?» አለቻት ዛሬ አንዲት ሴትዮ፣ የእማዬን አንገት እያየች።

መካኒሳ ሰፈራችን ባለች ትንሽ ጋለሪ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ከአሮጌ ቁልፎች በእጇ የሠራቻቸውን ሐብሎች ከአንድ ሰዓሊ ሥዕሎች ጋር እያሳየች ነበር።

እማዬ ደግሞ የቁምሳጥኗን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አስራ ነው የምትዞረው። (ስለዚህ በሴትዮዋ አልፈርድም።)

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ይሄ የቁምሳጥኔ ነው!»

እኔ በሀፍረት ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

እማዬ ግን ቀይና ሰማያዊ ጭረት ብቻ ያለበት ሥዕል ፊት ቆማ ቀረች። «ይሄማ እኛም ቤት አለ» አለች ጮክ ብላ። ሰዓሊው ሰማ። ይብስ አፈርኩ።

ቤት ስንገባ ቁምሳጥኑን ከፈተችው። ልጅ ሆኜ ስኳር የምትደብቅብን እዚያ ይመስለኝ ነበር።

ከነጠላዎቿ ሥር አንድ የደብተር ወረቀት አወጣች። ቀይና ሰማያዊ ጭረት ብቻ። ጥግ ላይ በተንጋደደ ፊደል የኔ ስም አለ።

«ኬጂ እያለሽ ነው። ‹እማዬ፣ ይሄ አንቺ ነሽ› ብለሽ ሰጠሽኝ።»

መልሳ አስቀመጠችው። ቆለፈችበት።

የናንተስ እናቶች ምን ቆልፈው ይሆን? እስቲ ጠይቁና ንገሩኝ።