የሃዊዝ ትልም

በሽታው ቶርንኮት መንደር የገባው ገብሱ ሊታጨድ ሲል ነው። የመጀመሪያው ውርጭ ሲወርድ ከአርባው ቤት ጭስ የሚወጣባቸው አሥራ አንድ ብቻ ቀሩ። ሃዊዝ ባሏን ማክሰኞ፣ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ሐሙስ ቀበረች። ቄሱም ሞተው ስለነበር ጸሎቱን የምታስታውሰውን ያህል ራሷ ደገመችላቸው።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ቀን ከቤት አልወጣችም። ያስወጧት የባሏ በሬዎች ናቸው፤ ርቧቸው ሲጮኹ ዝም ብላ መተኛት አልቻለችም።

ጎረቤቷ ሽማግሌው ኦዝበርን ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን አጥተዋል። አንድ ቀን ጭድ ተሸክመው መጡላት።

«በሬዎቹን ምን ልታደርጊያቸው ነው?»

«ላርስባቸው።»

«እኔ እንኳ ሴት እርፍ ጨብጣ አይቼ አላውቅም።»

«መንደሩስ እንዲህ ባዶ ሆኖ አይተው ያውቃሉ፣ ጋሼ?»

ሽማግሌው ጭዱን ለበሬዎቹ በተኑላቸው። በማግስቱ በሬዎቹን ከፊት እየመሩላት ወጡ። የመጀመሪያው ትልሟ እንደ እባብ ተጠማዘዘ። ኦዝበርን ዞረው አዩትና ልጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

በሳምንቱ የጌታው ምስለኔ ዋሪን በፈረስ መጣ። ገባሩ በነጻ የሚያርሰው የጌታው መሬት፣ ሁዳዱ፣ ጦሙን አድሯል።

«ነገ ከነበሬዎችሽ ሁዳድ ትወጫለሽ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ባልሽ ያደርግ እንደነበረው።»

ሃዊዝ ዕድሜዋን ሙሉ ለምስለኔ ከ«እሺ» ሌላ ተናግራ አታውቅም።

«አልወጣም፣ ጌታዬ።»

«ምን አልሽ?»

«ከወንዙ ማዶ ያሉት ጌታ አራሽ አጥተው ለመጣ ሁሉ ቤትና መሬት ይሰጣሉ አሉ። በሬዎቼን ነድቼ ብሻገር ማን ይመልሰኛል? ዘበኞችዎ እንደሆኑ አፈር ገብተዋል።»

«በሕግ የጌታው ገባር ነሽ።»

«ነኝ። ሕጉ ግን በሬ አይጠምድልዎትም።»

ዋሪን ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አንተ ሰውዬ፣ ምከራት እንጂ።»

«እሷ ከሄደችማ እኔም አብሬ መሄዴ ነው» አሉ ኦዝበርን።

ምስለኔው ባዶውን ማሳ አየ። እሱም ሚስቱን የቀበረው በዚያው ሰሞን ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አላት። ሃዊዝን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

የባሏ መሬት በስሟ እንዲሆን፣ የሁዳድ ሥራ እንዲቀርላትና በምትኩ ከምርቷ በዓመት አንዴ እንድትከፍል ጠየቀች። ለኦዝበርንም እንዲሁ። ዋሪን ሦስት ሳምንት ሲመላለስ ከርሞ የጌታውን እሺታ ይዞ መጣ።

ሐዘኑ ለቀቃት ማለት አይደለም። ሐሙስ በመጣ ቁጥር እህል አትቀምስም ነበር። ግን በጸደይ ስንዴው ብቅ ሲል በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረውን አጥር አፈረሱና ከአንድ ድስት መብላት ጀመሩ።

በሁለተኛው ዓመት ኤላ የምትባል መበለት ከታችኛው መንደር በሬዋን እየሳበች መጣች። አፍራ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «አስተምሪኝ» አለቻት።

ሃዊዝ የሴትዮዋን ለስላሳ መዳፍ ገልብጣ አየች።

«መጀመሪያ እጅሽን በጨርቅ ጠቅልይ፤ ይላጥብሻል» አለቻትና ቀንበሩን ልታወርድ ገባች።