የማማው ቀይ መብራት

ደሴ ላይ አመሻሹን ባጃጆች ዳገቱን ሲወጡ የኋላ ቀይ መብራታቸውን ባየሁ ቁጥር እናቴ ትመጣብኛለች። ካጣኋት ቆየሁ፤ ግን ትመጣብኛለች።

ያኔ ሐይቅ ነበርን። ከቤታችን በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማሰራጫ ማማ ተተክሎ፣ ሲንሿሿ የኖረው ሬዲዮናችን ጥርት ብሎ መናገር ጀምሮ ነበር። እናቴ ለሬዲዮው ግድም አልነበራት። እሷን የማረካት ማማው ጫፍ ላይ የሚበራው ቀይ አምፖል ነው። ለምን እንደሚበራ የማማውን ዘበኛ ጠይቃው «አውሮፕላን እንዲያየው ነው» ብሏት ነበር። በቃ። ታላቅ እህቴ ለቤት ሠራተኝነት ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ አውሮፕላን ማለት ለእናቴ የልጇ መምጫ ነበር።

«እንዳይጋጨው ነው እንጂ መንገድ እንዲያሳየው አይደለም» ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ።

«አንቺ ደግሞ፣ ተማርኩ ብለሽ» አለችኝ።

ከዚያ እህቴ ልመጣ ነው ብላ ደወለች። በዚያው ሳምንት አምፖሉ ጠፋ።

እናቴ እህል አልወርድ አላት። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ የዓሣና የእርጥብ ሸንበቆ ሽታ እያመጣብን ዳገቱን አብረን ወጣን።

«ወንድምዓለም፣ ልጄ እኮ መንገድ ልትጀምር ነው» አለችው ዘበኛውን፣ አጥሩን ይዛ።

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። «አብሽሪ እታለም፣ ባለሙያው ከደሴ ይመጣል» አላት።

ባለሙያው ቀረ። እናቴም ሐሙስ ዕለት ወዳጃ ጠራች። ሙስሊም ክርስቲያኑ ጎረቤት እንደ ልማዱ ቤታችን ተሰብስቦ ለዝናቡ፣ ለታመመው፣ ለመንገደኛው ዱዓ ከተደረገ በኋላ «ያረቢ፣ ያን አምፖል አብራልን» አለች። ማንም ፈገግ አላለም። አንዱ አሚን፣ አንዱ አሜን አለ። በሻርፕ አፌን የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እህቴ ቅዳሜ መጣች፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ በጠራራ ፀሐይ። አምፖሉ አልበራም። ከስታ ነበር፤ ክንዷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ነበረባት፤ ስንጠይቃት «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ምንም አይወጣትም። እናቴ ጠባሳውን ደጋግማ ዳሰሰችው።

«መብራታችን ጠፍቶ በጨለማ ነው የመጣሽው፣ ልጄ» አለቻት በመጨረሻ።

እህቴ ስለ አምፖሉ የምታውቀው አልነበረም። ግን «አዎ እማ» ብላ እናቴ ጭን ላይ ተደፍታ፣ ከመጣች ጀምሮ ያመቀችውን ለቅሶ ለቀቀችው።

ማስረዳት የምወደው እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።