የሁለተኛው መርማሪ አረንጓዴ ነጥብ

ሴትዮዋ ከላቲን የተወለዱ ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት የሚዘጋጅበት ምድር ቤት ውስጥ የቃላት ፍቺ ካርድ ስትጽፍ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ባሏን የቀበረችውም፣ ልጇን የዳረችውም በሦስት በሦስት ቀን ፈቃድ ነው። ደንቡ ግልጽ ነበር፦ የጻፈችውን ካርድ ሁለተኛ መርማሪ ከምንጩ ጋር አመሳክሮ ጥጉ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ካላሳረፈበት አይታተምም። መርማሪውን ሁሉም «ጋሽ ነጥብ» ይሏቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ቀሩ። ምትክ አልተቀጠረም።

ነጥቡ ግን አልቆመም። ቆልፋበት የሄደችው መሳቢያ ጠዋት ሲከፈት ካርዶቹ ሁሉ ነጥብ አርፎባቸው ይገኛሉ፤ ቀለሙ ገና ስላልደረቀ ጣት ላይ ይቀራል።

ልጇ ይህን ስትሰማ «እማዬ፣ እሳቸውማ በሕይወት እያሉም ለምሳ አይወጡም ነበር፤ አሁን ምን ያስወጣቸዋል?» ብላ ሳቀች። እናት አልሳቀችም።

መዝገበ ቃላቱ እንዲታተም የቀረው አንድ ካርድ ነበር፦ በፈረንሳይኛ «ትራቫይ»፣ በስፓኒሽ «ትራባኾ»፣ በፖርቱጋልኛ «ትራባልዩ»፤ በሦስቱም «ሥራ» ማለት ነው። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት ሥሩ የላቲኑ «ትሪፓሊየም» ነው፤ ሰው ታስሮ የሚሠቃይበት የሦስት እንጨት መሣሪያ። ቃሉ ከመሣሪያው ወደ ስቃይ፣ ከስቃይ ወደ ድካም፣ ከድካም ወደ ሥራ ተሻገረ። ጣሊያንኛው «ትራቫልዮ» ዛሬም ምጥና ጭንቅ ነው። ጋሽ ነጥብ ሲሞቱ በእጃቸው የነበረው ይኸው ቃል ነው።

ዋና አዘጋጁ «በሁለት ሰው ተመርምሯል» የሚል ቅጽ ይዞ ወረደ። ካልፈረመች ከሥራ ትሰናበታለች።

«ይፈርሙ እንጂ እትዬ፤ ነጥቡ አለ አይደል?»

«ያሳረፈው ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ሥራው ከተሠራ ምን ቸገረን?»

«ሰውየው እኮ አፈር ከቀመሱ አሥር ወራቸው ነው!»

«ታዲያ እሳቸው አቤቱታ አስገቡ?»

አልካደም፤ አልደነገጠምም። በአሥር ወር ውስጥ ማን እንደሚመረምር አንዴም አልጠየቀም፤ መልሱ ሰው ያስቀጥረው ነበርና።

ብዕሯን አንስታ ከቃሉ ፍቺ ሥር «የዚህ ካርድ መርማሪ በሥራ ላይ ሳሉ ሞተዋል፤ እስከ ዛሬም አልተሰናበቱም» ብላ ጻፈች። ካርዱን መሳቢያው ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ለእሱ ሰጠችው።

በማግስቱ ጠዋት መሳቢያውን ዋና አዘጋጁ ራሱ ከፈተው። ከአዲሱ ዓረፍተ ነገር አጠገብ እርጥብ ነጥብ አርፏል። መርማሪው የራሳቸውን መሞት ከምንጩ አመሳክረው አጽድቀዋል፤ በደንቡ መሠረት ካርዱ እንዳለ መታተም አለበት፤ ምትክ አለመቀጠሩንም አንባቢ ሁሉ ያውቃል።

«አሁን እፈርማለሁ» አለች፣ እጇን ዘርግታ።

ዋና አዘጋጁ ቅጹን ከጀርባው ሸሸገ።